ኦዲሽን ላይ «አፍሪካዊ አትመስይም» ተባልኩ፣ ሀበሻው ደግሞ ብሔሬን ጠይቆ ስራውን ከለከለኝ፤ የቱ ነው በህግ የሚያስጠይቀው?

ፌርፋክስ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል አስቀድሜ ልናገር። ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ነው ምኖረው፣ ፌርፋክስ አካባቢ፣ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ አይደለም። ልጅ ሆኜ ነው ከቤተሰብ ጋር በዲቪ የመጣሁት፣ ኮሌጅ ትያትር ተምሬያለሁ፣ ኤጀንት አለችኝ፣ ትንሽ ኤጀንሲ ናት ግን ስራዋን ታውቃለች። ቀን ቀን ሬስቶራንት እሰራለሁ፣ በተረፈው ሰዓት ሴልፍ ቴፕ (ራሴን የቀረፅኩት የኦዲሽን ቪዲዮ) እየቀረፅኩ መላክ ነው፣ ማስታወቂያ በሉት፣ የቪዲዮ ጌም ድምፅ በሉት፣ ኤክስትራም ቢሆን የተገኘውን።

ጉዳዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው አንድ ማስታወቂያ ነው፣ ሮሉ «ከምስራቅ አፍሪካ የመጣች ነርስ» ይላል፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሀገር ከዚህ በላይ ለኔ የተጻፈ ሮል አይቼ አላውቅም። ቴፑን ላኩ፣ ወደዱት፣ ኮልባክ፣ ማለትም ለሁለተኛ ዙር ኦዲሽን፣ ጠሩኝ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ካስቲንግ ዳይሬክተሯ፣ ተዋናይ የምትመርጠው፣ «እስኪ በአፍሪካ አክሰንት በይው» አለችኝ። እኔም የአክስቴን እንግሊዝኛ አደረግኩት፣ ቃል በቃል የአክስቴን፣ እሷ ደግሞ ከኮልፌ የመጣች ሴት ናት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ አፍሪካ አፍሪካ አይልም»። ከዛ በኋላ ለኤጀንቴ በኢሜይል መልስ መጣ፣ ጎበዝ ናት ግን ደንበኛው ጠቆር ያለች፣ ይበልጥ አፍሪካዊት የምትመስል ይፈልጋል የሚል። ለጥቁር አሜሪካዊት ሮል ስሄድ ደግሞ «ትንሽ ሌላ ነገር ትመስያለሽ» ነው የሚሉኝ፣ ፊቴን የት ላድርሰው በናታችሁ። ፀጉሬም ላይ እንደዛው ነው፣ ሹሩባ ተሰርቼ ስሄድ «ለካሜራ ይፈታ» ይላሉ፣ ፈትቼ ስሄድ የሚነካው ሰው የለም።

ሁለተኛው የበለጠ ያናደደኝ ነው። አንድ የኛ ሰው የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ በሁለቱም ቋንቋ መድረክ እንድመራ ጠየቀኝ። በስልክ ዋጋ ተስማማን፣ ቀኑን ያዝኩ፣ ሬስቶራንት ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለና ወሬ መሀል «አባትሽ የየት ሀገር ሰው ናቸው?» አለኝ። ነገርኩት፣ ምን እደብቃለሁ። ከዛ ድምፁ ጠፋ፣ ጠፍቶ ጠፍቶ ቴሌግራም ላይ ቮይስ ላከልኝ፣ «እህቴ አትቀየሚኝ፣ ስፖንሰሮቹ መድረኩን የኛው ልጅ ትምራው ብለዋል፣ ያንቺ ወገን ብትሆን ሰው ቅር ይለዋል» ይላል። በቃ። ብሔሬን እዚህ አልጽፍም ምክንያቱም ወሬው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

እና ጥያቄዬ፣ እነዚህ ሁለቱ በህግ አድልዎ ይባላሉ ወይስ አርት ስለሆነ እንደፈለጉ መምረጥ ይችላሉ? የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ የማያውቅም ካለ ቢያንስ አይዞሽ በሉኝ።

ኡበሩ

አይዞሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ተይው። ሀያ ነጭ ጠበቃ ያላቸው ስቱዲዮዎች ናቸው፣ አንቺ ሬስቶራንት ምትሰሪ ልጅ ነሽ። የሀበሻውን ደግሞ ከከሰስሽ ከነገ ጀምሮ ሰርግ ላይ እንኳን ማንም አይጠራሽም፣ ከተማው እንደሆነ አንድ ቡና ቤት ነው። ነርሲንግ ብትማሪ ግን እውነተኛ ነርስ ሆነሽ ማንም አክሰንትሽን አይመዝንብሽም ሃሃሃ።

ፓራሊጋሏ

ኡበሩ፣ ቀልድህ ደስ ይላል ምክርህ ግን አይረባም። ልጅቷ የጠየቀችው የህግ ጥያቄ ነው።

ፌርፋክስ ልጅ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ የስራ ክርክር የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ነኝ፣ ስለዚህ የምልሽን ይዘሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ። ሰው ሁሉ የሚገምተው የሆሊውዱ ትልቁ ኬዝ ነው፣ የሀበሻው የሰፈር ቂም ነው ብሎ ነው። በህጉ ስናየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ጠንካራው በእጅሽ ያለው የሀበሻው ነው።

ከሆሊውዱ ልጀምር። ታይትል ሰቨን የሚባለው የ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ህግ ቀጣሪ በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ ሀገር እንዳያዳላ ይከለክላል። «ስራው ራሱ ግድ ስለሚለኝ ነው» የሚል ማምለጫ አለው፣ ግን ማምለጫው ለፆታ፣ ለሃይማኖትና ለትውልድ ሀገር ነው እንጂ ለዘርና ለቀለም አይሰራም። ቀለም ከዘር ተለይቶ ለብቻው ተጽፏል፣ ማለትም «ጥቁር እፈልጋለሁ ግን ከዚህች ጠቆር ያለች» ማለት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ይሄን ብቻ ካነበብሽ እንግዲህ ግማሹ የካስቲንግ ማስታወቂያ ህገወጥ ነው ማለት ነው። ታዲያ እንዴት በየቀኑ ይወጣል? መልሱ ፈርስት አሜንድመንት ነው፣ የንግግር ነፃነት። ናሽቪል ውስጥ ሁለት ጥቁር ወንዶች «ዘ ባችለር» ለተባለው የቲቪ የትዳር ፍለጋ ፕሮግራም አመልክተው በዘራችን ምክንያት በአግባቡ አልታየንም ብለው ጣቢያውን ኤቢሲን ከሰሱ፣ የከሰሱትም በውል ህግ ነው ወደሱ በኋላ እመጣለሁ፣ ብቻ በ2012 የፌደራል ዳኛዋ ማን ስክሪን ላይ ይታይ የሚለው ምርጫ የፕሮግራሙ ይዘት አካል ነው፣ ይዘትን ደግሞ ፍርድ ቤት አይነካም ብላ መዝገቡን ዘጋችው። የመጀመሪያው ጥቁር ባችለር የታየው በ2021 ነው፣ ባችለሬቷ 2017 ላይ ቀድማዋለች፣ ያመጣው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሆን የህዝብ ጩኸት ነው። ሌላም ልጨምር፣ ብሮድዌይ ላይ ሀሚልተን፣ የአሜሪካን መስራቾች ነጭ ባልሆኑ ተዋንያን የሚያሳየው ሙዚቃዊ ትያትር፣ በ2016 «ነጭ ያልሆኑ» ብሎ ኦዲሽን ሲያስነግር የተዋንያኑ ዩኒየን አክተርስ ኢኩዊቲ ተቃወመ፣ ፕሮዲውሰሮቹ ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ሰው መሞከር ይችላል የሚል ቃል እናስገባለን አሉ፣ መድረኩ ላይ የሚታየው ግን ያው ነው የቀጠለው። እኔ ሀሚልተን ላይ ቅር አይለኝም፣ የታሪኩ ነጥብ ራሱ እሱ ስለሆነ፣ ግን ህጉ ለአንዱ የሚሰጠውን ነፃነት ለሌላውም መስጠቱን እዩልኝ።

ያንቺ ማስታወቂያ ስለሆነ ትንሽ ይለያል። የንግድ ንግግር እንደ ድራማና እንደ ፊልም ሙሉ ጥበቃ የለውም፣ ስለዚህ ጎበዝ ጠበቃ ሊከራከርበት ይችላል። ኢሜይሉ ደግሞ አለ፣ «ጠቆር ያለች» የሚል፣ እሱን እንዳትሰርዢው። ግን ረጅምና ውድ መንገድ ነው፣ አልዋሽሽም።

አሁን ወደ ሀበሻው። ሴክሽን 1981 የሚባል ህግ አለ፣ ዓመተ ምህረት እንዳይመስልሽ የአንቀፅ ቁጥር ነው፣ ህጉ ራሱ የ1866 ነው፣ ባርነት እንደቀረ የወጣ። ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት ውል ከመዋዋል አይከለከልም ነው የሚለው። ለምን እንደምወደው ልንገርሽ። ታይትል ሰቨን ቢያንስ 15 ሰራተኛ ያለው ቀጣሪ ይፈልጋል፣ የካሊፎርኒያው ደግሞ 5፣ ይሄኛው ግን ቁጥር አይጠይቅም፣ አንድ ሰው ከነስልኩ በቂ ነው። ሁለተኛ ታይትል ሰቨን ተቀጣሪን ነው የሚያየው፣ ይሄ ግን እንዳንቺ በአንድ ቀን ስራ የሚመጣ ኮንትራክተርንም ይሸፍናል፣ አርቲስት ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነው የሚኖረው። ሦስተኛ ዘር ሲባል ነጭና ጥቁር ብቻ አይደለም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ከኢራቅ የመጣ ፕሮፌሰር ባቀረበው ክስ ላይ የትውልድ ሀረግንና የኤትኒክ መለያን ይጨምራል ብሎ ወስኗል። ብሔርሽን ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ከዛ ውሉን ማፍረስ በዚህ በር ሊገባ ይችላል። «ሁለታችንም ጥቁር ነን፣ ሁለታችንም ኢትዮጵያዊ ነን» የሚለው አያድነውም።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። በ2020 ኮምካስት በተከሰሰበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሳሽ ዘሬ ባይሆን ኖሮ ውሉን አገኝ ነበር የሚለውን ማሳየት አለበት ብሏል፣ ዘር ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነበር ማለት አይበቃም። ብዙ ኬዝ እዚህ ላይ ነው የሚሞተው ምክንያቱም ማንም ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ያንቺው ሰውዬ ግን ምክንያቱን በገዛ አፉ ቀድቶ ልኮልሻል እኮ። «መድረክም ይዘት ነው» ብሎ እንደ ባችለሩ ሊከራከር ይችላል፣ ይሞክር፣ ግን ቀድሞ መርጦሽ ነበር፣ ፊትሽንም ድምፅሽንም አውቆ ነበር፣ በመሀል የተቀየረው ነገር ስለ አባትሽ የሰጠሽው መልስ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እሱ የላከው ቮይስ ችግር የለውም። አንቺ ግን መልሰሽ ደውለሽ በድብቅ እንዳትቀጂው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የግል ስልክ ንግግር የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ሳይኖር መቅዳት ወንጀል ነው። ይሄን ሌሎቻችሁም እወቁት፣ ዲሲ ላይ አንዱ ተናጋሪ ካወቀ ይበቃል፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን እንደ ካሊፎርኒያው ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሰው እየቀዳ የሚፎክር ሰው ስንት አየሁ።

ካሜራ ጀርባ

ከአዲስ ነው የምጽፈው፣ ፊልምና ክሊፕ ላይ ረዳት ዳይሬክተር ሆኜ እሰራለሁ። አንዴ ስለ ሆሊውድ ካወራን ስለራሳችንም እናውራ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ያንቺ ዓይነት ታሪክ በየሳምንቱ ነው የማየው፣ ኢሜይልም ቮይስም የለውም እንጂ።

ክሊፕ ሊሰራ ሲል ፕሮዲውሰሩ የሚለኝ የመጀመሪያ ቃል «ቀይ ልጅ አምጣ» ነው። ሌላ መስፈርት የለም፣ ዳንስ ትችላለች አትችልም አይጠየቅም። የሚያስቀኝ ዘፈኑ ራሱ ጠይሟ ጠይሟ እያለ የሚያለቅስ ይሆናል፣ ክሊፑ ላይ የምትታየው ግን መብራት የምታንፀባርቅ ቀይ ናት፣ እንደዚህ ዓይነት ቀረፃ ላይ ስንቴ ቆሜያለሁ፣ አንድም ቀን ዘፋኙ ራሱ ግጥሜን ሰምታችኋል ወይ ብሎ አያውቅም። ጠይም ልጆች ገጠር ሲሆን፣ ድህነት ሲሆን፣ የቤት ሰራተኛ ሲሆን ነው የሚጠሩት። ከጋምቤላ ወይ ከቤንሻንጉል የመጣ ልጅ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሐኪም ወይ ጠበቃ የሚጫወትበትን ስክሪፕት ንገሩኝ እስኪ፣ ብሔር ብሔረሰብ ቀን ካልሆነ ካሜራ ፊት አናቆመውም።

ቅላፄውም እንደዛው። ዘበኛ፣ ደላላ፣ ሎተሪ አዟሪ ከሆነ የክፍለ ሀገር ቅላፄ ይመጣል፣ ሰው እንዲስቅ። ፍቅረኛው ከሆነ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። አንድ ጓደኛዬ አለ ከደቡብ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ትያትር ተምሮ የተመረቀ፣ መድረክ ላይ ስታየው ታለቅሳለህ፣ እሱን ግን ለኮሜዲ ነው የሚጠሩት፣ አፉን ሲከፍት ይሳቃል። ልጁ ለሁለት ዓመት ቅላፄውን ሲያጠፋ ኖረ፣ ካጠፋ በኋላ ደግሞ «ያ የድሮው ቅላፄህ ይሻል ነበር፣ ይሸጥ ነበር» አሉት። ይሄውና የአክስትሽ አክሰንት።

ህግ የለም እንዳይመስላችሁ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ምናምን ሰራተኛን መለየት ይከለክላል፣ ህገ መንግስቱም አንቀፅ 25 አለ። ግን ማን ተቀጣሪ ነው? ፊልም ላይ ስራ በስልክ ነው፣ «ነገ ጠዋት መገናኛ ጋ መኪና ይወስድሃል» ነው፣ ወረቀት የፈረመ ሰው ከመቶ አስር አይሞላም ብል አልተጋነነም። ወረቀት ከሌለ አሰሪ እንዳለህ ማሳየት ይከብዳል፣ ያንን ካላሳየህ ማንን ነው የምትከሰው። እሷ ዳኛ ጋ ይዛው የምትሄደው ነገር አላት፣ እዚህ ያለችው ልጅ ሚስድ ኮል ብቻ ነው ያላት።

ደግሞ ይሄ ሙያ ከመጀመሪያውም ንቀት የተጫነው ነው። አዝማሪ ስድብ ሆኖ የኖረበት ሀገር ነው፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ሆኖ ወንድ ቀሚስ ለብሶ የሴት ገፀ ባህሪ ይጫወት ነበር፣ እነ አስናቀች ወርቁ በዚህ ሁሉ ስድብ መሀል ነው የወጡት። አሁን ሴቶቹ ወጡ፣ ግን ማን ትውጣ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ወንፊት መጣ።

ነታንያ

ሻሎም፣ አማርኛዬ ከእናቴ የተማርኩት ነው፣ ስህተት ካለ እለፉት። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ህፃን ሆኜ ነው እስራኤል የገባሁት፣ ተዋናይ ነኝ።

የእህታችንን ስታነብ ሚስቴ «ይሄ አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ። እኔንም ኦዲሽን ላይ «እንደ ኢትዮጵያዊ በሆነ ዕብራይስጥ ተናገር» ይሉኛል። እኔ ዕብራይስጥ የማውቀው አንድ ዓይነት ነው፣ እዚህ ሀገር ያደግኩበት። የአባቴን አነጋገር አድርግ ማለታቸው ነው፣ አባቴ እንዲሳቅበት ደግሞ አልፈልግም። የሚመጣልኝ ሮል ወታደር፣ የፅዳት ሰራተኛ፣ ከ2015 እና ከ2019 ሰልፎች ወዲህ ደግሞ ፖሊስ የሚያሳድደው ልጅ ተጨመረ። ጥሩ ታሪክ ነው፣ እውነትም ነው፣ ግን ጥርስ ሐኪም መሆን አምሮኛል። ሚስቱን የሚያታልል ጥርስ ሐኪም።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሃጊት ያሶ በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የሚባለውን የቲቪ የዘፈን ውድድር አሸነፈች፣ ቲቲ አይናው በ2013 ሚስ እስራኤል ሆነች፣ ኤደን አለነ በ2021 ዩሮቪዥን ላይ ቆመች። ብዙ ዓይን በሚያይበት፣ ውድድሩ ክፍት በሆነበት ቦታ የኛ ልጆች እያለፉ ነው። ሦስት ሰው በር ዘግቶ በሚመርጥበት ክፍል ግን ያው ነን። «ተመልካቹ አይቀበለውም» ይላሉ፣ ተመልካቹ ተጠይቆ መልሱን ሰጥቷል እኮ። ያንቺም ፕሮሞተር «ሰው ቅር ይለዋል» ያለው እንደዛ ነው፣ ሰው የተባለው ማን ነው? ሁለት ስፖንሰር ነው።

እዚህም የ1988 የእኩል የስራ ዕድል ህግ አለ፣ ስራ መቀበልንም ይጨምራል። ትያትር ቤት ውስጥ የመብራት ስራ ሳመለክት ተጠቅሜበታለሁ፣ ደብዳቤ ብቻ ጽፈን ቃለ መጠይቁ ተደገመልኝ። ሮል ላይ ግን ማንም ጠበቃ አልደፈረውም።

የጆርጂያ አቬኑ ሰው

ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ ዲሲ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፣ ሁሉንም አነበብኩት። የኔ ልጅ፣ በር ሲዘጋ በር ከማንኳኳት የራስን በር መስራት ይሻላል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሳንኮፋ የሚለውን ፊልም ሰርቶ በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልነካ አሉት፣ ስለ ባርነት በጥቁር ዓይን የተሰራ ፊልም ገበያ የለውም ብለው። እሱ ምን አደረገ፣ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ከተማ ከተማ እየዞረ አሳየ፣ ህዝቡ ተሰልፎ ገባ። በኋላም ከባለቤቱ ጋር እዚሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባል የመፃህፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ፣ እኔ ቡና የምጠጣው እዛ ነው። ፊልሙ በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፣ በዛው ዓመት የኦስካሩ አካዳሚ ሙዚየም እሱን ሸለመው። ያኔ እምቢ ያሉት ሰዎች ስም ማን ያስታውሳል? አንቺም ጓደኞችሽን ሰብስቢና የራስሽን ስሪ። ክስ ዕድሜ ይበላል።

ኡበሩ

ጋሼ ትክክል ብለዋል፣ እኔም እሱን ነበር ልል የፈለግኩት።

ፌርፋክስ ልጅ

ኡበሩ አንተ ነርሲንግ ተማሪ ነው ያልከኝ እንጂ ፊልም ስሪ መቼ አልክ ሃሃ።

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው፣ እዛ ቤት ሄጄ አውቃለሁ። ግን ከአክብሮት ጋር ልከራከርዎት። ፕሮፌሰሩ ዳይሬክተር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርበት ደሞዝ ነበረው፣ ያንን ሁሉ አድርጎም ፊልሙ ሰፊው ህዝብ ጋ እስኪደርስ ሀያ ስምንት ዓመት ነው የፈጀበት። እኔ ተዋናይ ነኝ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን በደንብ መጫወት ነው ሙያዬ፣ ለአንድ ማስታወቂያ የሚከፈለው ብር ደግሞ የኢንሹራንስ ብር ነው። የራስሽን ስሪ የሚባለው ሁሌ ለኛ ነው፣ ለሌላዋ ልጅ እኮ ሂጂና ኦዲሽን ስጪ ነው የሚባለው። እና የራሴን ብሰራስ፣ እንቁጣጣሽ መድረክ ላይ ያንን ሰውዬ ማን ይጠይቀዋል?

ካሜራ ጀርባ፣ የጓደኛህ ነገር አስለቀሰኝ። ነታንያ፣ ጥርስ ሐኪሙን አንድ ቀን አብረን እንሰራዋለን፣ እኔ የሚያታልላት ሚስት እሆናለሁ።

ፓራሊጋሏ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ የኢሜይሉን ነገር ብናገር ኤጀንቴ ትጥለኛለች ወይ? ሁለተኛ የሀበሻውን ስራ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ለሱ ብሎ ፌደራል ፍርድ ቤት የሚሄድ ጠበቃ አለ ወይ?

አትላንታ ሜካፕ

እኔ ስለፀጉሩ ብቻ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ክራውን አክት የሚባል ህግ አለ፣ ሹሩባ፣ ድሬድ፣ አፍሮ ላይ ማዳላትን እንደ ዘር አድልዎ ነው የሚቆጥረው። ሮሉ የሚፈልገው ሌላ ነገር ከሆነ እሺ፣ ግን «ንፁህ አይመስልም» ወይ «ፕሮፌሽናል አይደለም» ካሉሽ ያንን ቃል ያዢው። ቀረፃ ቦታ ላይ የኛን ፀጉር የሚሰራ ሰው የማይቀጥሩት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ እኔ ከካሜራ ኋላ ስለሆንኩ «ይዘት ነው» የሚለው ማምለጫ በኔ ላይ አይሰራም አይደል ፓራሊጋሏ? ምክንያቱም እኔንም «ጥቁር ተዋናይ ሲኖር እንጠራሻለን» እያሉ ነው የሚያኖሩኝ፣ ነጭ ፊት መቀባት የማልችል ይመስል።

ፓራሊጋሏ

አትላንታ፣ አዎ፣ ማንም ተመልካች አንቺን አያይም፣ ስለዚህ የባችለሩ መከራከሪያ ላንቺ አይሰራም። መብራት፣ ሜካፕ፣ ኤዲቲንግ፣ ሾፌር፣ እነዚህ እንደማንኛውም ስራ ናቸው። «ጥቁር ተዋናይ ሲኖር» ያሉሽን በቴክስት ከላኩልሽ አስቀምጪው፣ ነገር ግን ጊዜ አለው። ኢኢኦሲ፣ የፌደራሉ የእኩል የስራ ዕድል ኮሚሽን፣ ጋ በ180 ቀን ውስጥ ነው የሚከሰሰው፣ የራሱ ኤጀንሲ ያለው ስቴት ከሆነ 300 ይሆናል፣ ጆርጂያ ለግል ድርጅት 180 ነው፣ ስለዚህ አታንቀላፊ።

ፌርፋክስ ልጅ፣ የኤጀንቷን ነገር በእርግጠኝነት ልልሽ አልችልም። ስለ አድልዎ ያመለከተን ሰው መበቀል ክልክል ነው፣ ግን ስልክ አለመደወል በቀል መሆኑን ማን ያረጋግጣል። እኔ ብሆን ኤጀንቷን በጠላትነት አልይዛትም፣ ብሬክዳውኑን (የሮሉን መግለጫ) እና ኢሜይሉን ላኪልኝ ለፋይል ይሁነኝ ብዬ ብቻ እጠይቃታለሁ። የካሊፎርኒያው ሲቪል ራይትስ ዲፓርትመንት ጋ የሦስት ዓመት ጊዜ አለ፣ ዛሬ መወሰን የለብሽም።

የሀበሻውን በተመለከተ ሴክሽን 1981 ላይ ውል መከልከል ሲሆን ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2 ዓመት አስቢው። ጠበቃ በትንሽ ብር ላይመጣ ይችላል፣ እውነት ነው፣ ግን አንድ የጠበቃ ደብዳቤ ብቻ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሌላም ቀላል መንገድ አለሽ። ዋጋ ተስማምታችኋል፣ ቀን ቆርጣችኋል፣ ሺፍትሽን ትተሻል። እሱ በቃል የተደረገ ውል ነው። ስሞል ክሌምስ የሚባለው የትንንሽ ገንዘብ ክስ ፍርድ ቤት ራስሽ ሄደሽ ትከሻለሽ፣ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላል፣ እዛ ደግሞ ጠበቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ እሱም አንቺም እኩል ቆማችሁ ታወራላችሁ። ዳኛው ፊት ብሔር የሚለውን ቃል ሳታነሺ ማሸነፍ ትችያለሽ። ብሔሩን እንዲነሳ ከፈለግሽ ግን የመጀመሪያው መንገድ ነው። የቱ እንደሚያሳርፍሽ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ሁለቱን በአንዴ ከማሰብሽ በፊት ግን ጠበቃ ጠይቂ፣ ምክንያቱም አንዱን ከጨረስሽ ሌላውን ሊዘጋብሽ ይችላል።

እና እባክሽ ቮይሱን ቴሌግራም ላይ ብቻ እንዳትተይው። ሰውዬው በራሱ ስልክ ሲያጠፋው ካንቺም ሊጠፋ ይችላል። ይሄን ፖስት አይቶት ሊሆን ይችላል አሁን።

ፌርፋክስ ልጅ

ኧረ ወይኔ እሱን አላሰብኩትም ነበር። አለ አልጠፋም፣ አሁን አውርጄ ለራሴም ኢሜይል አደረግኩት፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትን ስክሪንሾት ጨምሬ። ሁሉንም ነገር ቅዳሜ ቁጭ ብዬ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ቮይሱ በአማርኛ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ የሚፈርምልኝ፣ ኤልኤ አካባቢ፣ ሰውዬውን የማያውቅ ተርጓሚ የምታውቁ አላችሁ? የማያውቀው ሰው ማግኘት ነው የሚከብደው።

ኡበሩ

ሳን ዲዬጎ አንድ ሴትዮ አውቃለሁ፣ ለኢሚግሬሽን ወረቀት የምትተረጉም። ኢንቦክስ እልክልሻለሁ።